ይህ ቃል ለማን ተባለ?

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ርዕሰ መምህሩ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቆሞ ስለ እኔ ጥሩ ጥሩውን ተናገረ። ኬክ ተቆርጧል፣ ካርዱ ላይ ሁሉም ፈርሞበታል፣ ያልፈለግሁት የአበባ እቅፍ ጭኔ ላይ ነው። ንግግሩን ሲያበቃ ግድግዳው ላይ ለዓመታት ተለጥፎ የኖረውን ወረቀት በጣቱ አሳየና «ዘውዲቱ ይህን ቃል የኖረች ሰው ናት» አለ። ወረቀቱ ላይ የሎተስ አበባ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ ፍሬውን ሳትጠብቅ ሥራህን ሥራ የሚል፣ ከሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ የተቀነጨበ ምክር ተጽፏል። ሰው አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈላ።

ምስጋና ሲጠብቁ «ለመሆኑ ይህ ቃል ለማን እንደተባለ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ሳቁ። አበባዬን ይዤ ተነሣሁ። በዚህ ዕድሜዬ በር ደርግሜ መውጣት ስለማያምርብኝ ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ ይህን የምጽፈውም እሱ ስላስቸገረኝ ነው።

ሥራዬ በለንደን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖቶችን ማስተማር ነበር። መስበክ አላልኩም። እዚህ አገር ልጆች ስለ ክርስትናውም ስለ እስልምናውም ስለ ሂንዱውም ስለ ሲኩም አንድ ክፍል ተቀምጠው ይማራሉ፤ አስተማሪው የማንኛውም እምነት ሰው ሊሆን ይችላል። ይህን ለወገኔ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ስንቀመጥ «አንቺ የመምህር ልጅ፣ ለፈረንጅ ልጅ ጣዖት ታስተምሪያለሽ አሉ» እያሉ ይነካኩኝ ነበር። አባቴ ሀገር ቤት የታወቁ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። «አዎ፣ ደመወዝም ይከፍሉኛል» ብዬ ምግቤን እበላለሁ።

እዚያ ክፍል ፊት ለመቆም የሄድኩበት መንገድ አጭር አልነበረም። ስደተኛ ሆኜ እንደመጣሁ የሆቴል አልጋ አነጠፍኩ፣ ማታ ማታ ተማርኩ። ከዚያ ክሮይደን አንድ ትምህርት ቤት በረዳትነት ተቀጠርኩ። ጠዋት በዚያው ሰፈር ለመኖሪያ ፈቃዴ ተሰልፌ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጆች ዘንድ እገኝ ነበር። የዚያን ጊዜዋ አለቃዬ ንግግርሽ ለልጆቹ ይከብዳል ብላ ብሩሽና ቀለም ከማጠብ ሌላ ሥራ አልሰጠችኝም። ልጆቹ ግን አንድ ቀን እንኳ አልገባንም ብለውኝ አያውቁም። በመጨረሻ የመምህርነት ወረቀቴን ያዝኩና ወደ ሰሜን ለንደን፣ ከሰቨን ሲስተርስ ብዙም ወደማይርቅ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ሚስስ ጆሺን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ሚስስ ጆሺ ሂንዱ ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት ምሥራቅ አፍሪካ፣ ያረጁት ለንደን። ሳሪያቸውን ለብሰው፣ ከላዩ የወንድ የሚመስል ወፍራም ሹራብ ደርበው ይመጣሉ። ቅዱስ መጽሐፋቸውን በቢጫ ጨርቅ ጠቅልለው ይይዙታል፤ መሬት አያስነኩትም፣ ምራቅ በነካ ጣት ገጹን አይገልጡትም። በዕረፍት ሰዓት ብርቱካን ይልጡና ራሳቸው ከመቅመሳቸው በፊት ክፍሉ ውስጥ ላለው ሁሉ አንድ አንድ ፍንካች ያድላሉ። ጠዋት ያመናጨቃቸው ሰው እንኳ ቢሆን ድርሻው ይደርሰዋል። አልፈልግም ማለት አይቻልም፤ እጃቸውን ዘርግተው እስኪቀበሏቸው ይቆማሉ።

ማስተማር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ቃሉን ብቻ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ማን እንደተናገረው አይነግሩም። «ይህ ቃል ለማን ተባለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ አንድ ልጅ ያስነሡና ያንኑ ቃል አለቃ ለሠራተኛው እንደሚናገር አድርጎ እንዲለው ያደርጋሉ። ሌላውን ያስነሡና ለፈራ ጓደኛው እንደሚናገር አድርጎ እንዲለው ያደርጋሉ። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ክፍሉ በመጀመሪያው ያጉረመርማል፣ በሁለተኛው ዝም ይላል። ታሪኩን የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ሠራዊት ተፋጦ ቆሟል። አንድ ኃያል ጦረኛ ከወዲያ በኩል ዘመዶቹንና መምህሮቹን አየና ጉልበቱ ከዳው፣ ቀስቱ ከእጁ ወደቀ። ሠረገላውን የሚነዳለት አምላክ ነው፤ ስለ ፍሬው ሳትጨነቅ የሚገባህን ሥራ ብሎ የተናገረው ለእሱ ነው። ክፍሉ ይህን ከሰማ በኋላ ክርክሩ ደወሉ ሲደወል እንኳ አያቆምም ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ከኋላ ተቀምጬ ይህን ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ። አባቴም አንዱን ኃይለ ቃል ከመተርጎማቸው በፊት ማን ተናገረው፣ ለማን ተናገረው፣ ስለምን ተናገረው ብለው ደቀ መዛሙርቱን ያፋጥጡ ነበር። እኔ ሴት ነኝና ከጉባኤው አልቀመጥም፤ ከጓዳ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። ይህን ለሚስስ ጆሺ ስነግራቸው ስለ አባቴ ሲጠይቁኝ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ «ባልደረባዬ እንዴት አደሩ?» ይሉኛል። አባቴ ካረፉ እኮ ቆዩ ስላቸው «መምህር ምን ዕረፍት አለው» ይሉና ወደ ክፍላቸው ይገባሉ።

ያ የሎተስ ወረቀት የተለጠፈው በዚያ ዘመን፣ ከአሁኑ በፊት በነበረው ርዕሰ መምህር ነው። ከምሳ ሰዓታችን ላይ ግቢ የመጠበቅ ሥራ ሊጨምርብን ፈለገና ስብሰባ ጠርቶ ያንን ቃል አነበበልን። ሚስስ ጆሺ ተነሡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ይህ የተባለው ቀስት ለያዘ ሰው ነው» አሉት። «እዚህ ቤት ቀስቱን የያዙት እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ከእርስዎ እንጀምር።» ሰውየው ቀላ። የምሳ ሰዓታችን ተወሰደ፣ ወረቀቱም ግድግዳው ላይ ቀረ። አንድ ሕዝብ ሲፈራ እንዲጽናና ከሺህ ዘመናት ጀምሮ ያቆየው ቃል የሠራተኛን አፍ መዝጊያ ሲሆን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የባሰውን ገና አላየሁም ነበር።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከሀገር ቤት አዲስ ፊት መምጣት በዝቶ ነበር። ከመጡት አንዷ ጥሩወርቅ ናት። ባሏ በዚያ ግርግር ታስሮባት፣ ሴት ልጇን ረድኤትን ይዛ ለንደን ገባች። ረድኤት ከተወለደች ጀምሮ እግሯ አይሄድም፤ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። እኛ ትምህርት ቤት ስትገባ ገና ልጅ ናት፣ ምላሷ ግን የተባ ነው። ወንበሯን ሚኒባስ ብላ ሰይማው ነበር። በኮሪደሩ ሊገፏት የሚሻሙትን ልጆች ወያላ አድርጋ ቀጥራ፣ አንዱን «ሰው ሞልቷል በል እንጂ» ስትለው ሰምቼ በሳቅ ፈርሻለሁ።

በዚያው ሰሞን አዲስ የትምህርት ክፍል ኃላፊ መጣብን። ወጣት፣ ፈጣን፣ ጥሩ ሱፍ የሚለብስ። ከአንድ ድርጅት ተዘጋጅቶ የተገዛ፣ በስክሪን የሚታይ ትምህርት ይዞ መጣና ሁላችንም በዚያ ብቻ እንድናስተምር አዘዘ። ካርማን፣ ሰው የሠራው ሥራ እስከ ሌላ ሕይወት ይከተለዋል የሚለውን የሂንዱዎች ትምህርት፣ የሚያስተምረው ገጽ ላይ ሁለት ፎቶ አለ። በግራ በኩል ውድ መኪናውን ተደግፎ የሚስቅ ሰውዬ፤ በቀኝ በኩል ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ። ከሥሩ «ባለፈው ሕይወታቸው ምን ሠርተው ይመስላችኋል?» የሚል ጥያቄ አለበት። ይህን ያዘጋጀው ሰው እናት የለውም ወይ? የገዛው፣ ያጸደቀው፣ ስክሪኑን ያበራውስ?

ኃላፊው ይህን ገጽ ረድኤት ባለችበት ክፍል ራሱ አስተማረው። ፎቶው ሲወጣ አንዱ ልጅ ዞሮ «አንቺስ ምን ሠርተሽ ነው?» አላት። እሷም እንደ ልማዷ «ሚኒባስ ሰርቄ ይሆናል» ብላ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰችው፤ አብራም ሳቀች። ኃላፊው ልጆቹ ትምህርቱን ወደዱት ብሎ በኋላ ለእኔ በደስታ ነገረኝ።

በማግስቱ ጥሩወርቅ ልጇን እየገፋች መጣች። ትምህርቱ የሂንዱ መሆኑን ከልጇ ሰምታለች፤ ኮሪደሩ ላይ ሳሪ የለበሱ ሴት አየችና አስተማሪዋ እሳቸው ናቸው ብላ ደመደመች። እጄን ይዛ እየጎተተች ወደ እሳቸው ክፍል አስገባችኝ።

«እትዬ ዘውዴ፣ አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩልኝ» አለች። «ሀገር ቤት ምን ሠርታ ነው እንዲህ ያለች ልጅ የወለደችው እያሉ ጎረቤት ሲያሙኝ ኖርኩ። ጠበል ለጠበል ተንከራተትኩ። እዚህ ስመጣ ካውንስሉ ወንበር ሰጣት፣ ስኩል ገባች፣ እፎይ አልኩ። ትናንት ማታ ግን ‹እማዬ፣ ከመወለዴ በፊት ምን ሠርቼ ነው?› አለችኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ አይደለም? ምን ብዬ ልመልስላት? እኚህ ጣዖት አምላኪ ይመልሱልኝ።»

እኔ አለሳልሼ ተረጎምኩት። ሚስስ ጆሺ ዓይናቸውን ከጥሩወርቅ ፊት ሳያነሡ «ፊቷ የሚለው ከዚህ ይበዛል፤ ሳትቀንሺ ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ጣዖት አምላኪ ያለችውንም ጨምሬ። ያስተማሩት እሳቸው እንዳልሆኑ ለጥሩወርቅ ልነግራት ስል ገብቷቸው ከለከሉኝ። የተነገራት በእኔ መጽሐፍ ስም ነው፣ መልሱም ከእኔ ዘንድ ነው አሉ።

ከዚያ ስለ አክስታቸው ነገሩን። ገና በልጅነቷ ባሏ ሞተ። ካርማዋ ነው ተባለ። ፀጉሯን ላጯት፣ ከሰርግ ቤት ከለከሏት፣ እስክትሞት ድረስ ለብቻዋ በላች። «ይህ ቃል ሰው ሲቀጣ ያየሁት በልጅነቴ ነው» አሉ። «እንዲህ የሚሉ ጽሑፎችም አሉን። የሉም ብዬ አልዋሽም፣ አፍርባቸዋለሁ።» ያሳደጓቸው መምህር ግን ሌላ ነው ያስተማሯቸው። ካርማ ሰው ስለ ራሱ ሥራ የሚያስብበት ትምህርት ነው፤ በሌላው ላይ ጣት መቀሰሪያ አይደለም። እውነቱን ያየ ሰው በሊቁም፣ በተናቀው ሰውም፣ በውሻውም ውስጥ ያለው አንዱ መሆኑን ያያል፤ ያንን ሳያይ ቅዱስ መጽሐፍ አነበብኩ የሚል ገና አላነበበም።

ይህን ለእናቲቱ ስተረጉም እሳቸው ትንሽ ወንበር ስበው ፊታቸው ከረድኤት ፊት እኩል እስኪሆን ዝቅ ብለው ተቀመጡ። «አንቺን አስለቅሼ ብሄድ ሥራው የእኔ ነው፣ የሚጠየቅበትም እኔ ነኝ» አሏት። «ምን ሠርተሽ ነው የሚልሽ ሰው ሲመጣ፣ አንተስ አሁን ምን እየሠራህ ነው ብለሽ ጠይቂው።»

ይህንንም ለእናቲቱ ተረጎምኩላት። «ሚኒባስ አልሰረቅኩም ማለት ነው?» አለችኝ ረድኤት በአማርኛ። ነገሩን ለሚስስ ጆሺ ሳስረዳቸው ሳቃቸው ኮሪደር ድረስ ተሰማ። ብርቱካናቸውን አውጥተው ልጠው ለልጅቱ ሰጧት፤ በላች። ለእናቲቱ ዘረጉላት። ጥሩወርቅ እጇን አላወጣችም። ሚስስ ጆሺ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው ቆዩ፤ ሳይቀበላቸው የቀረ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሴትዮዋ ደግ ናቸው» አለችኝ ጥሩወርቅ ስንወጣ። «ልጄ ግን ከዚህ ክላስ ትወጣለች። ዊዝድሮው አድርጌያታለሁ።» በሕጉ መብቷ ነው፤ ወላጅ ልጁን ከሃይማኖት ትምህርት ማስወጣት ይችላል። ለመንኳት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አለችኝና ሄደች።

እኔና ሚስስ ጆሺ ያ ገጽ እንዲነሣ ስብሰባ ላይ ጠየቅን። ኃላፊው በትዕግሥት ሰማን፤ ትዕግሥቱ ይበልጥ አናደደኝ። ፈተናው የሚፈልገው መልስ ይህ ነው አለ፤ ባለፈው ሕይወት ክፉ የሠራ በዚህኛው ይሠቃያል ብሎ የጻፈ ልጅ ነጥብ ያገኛል፤ የእናንተ መልስ ረጅም ነው። ሚስስ ጆሺ «የአክስቴም መልስ ረጅም ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ፈጀ» አሉት። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቃቸውም። እኔ እጄን አወጣሁ፣ ተናገርኩ፣ ደጋግሜም ተናገርኩ። ከዚያ ሁሉ መምህር ሌላ እጅ አልወጣም። ሁሉም ጫማውን ያያል።

ሚስስ ጆሺ በዚያ ገጽ አላስተምርም አሉ። ስለዚህ ክፍላቸው ተወሰደና የቀሩ መምህራንን ቦታ እንዲሸፍኑ ተደረጉ። እኚያን ሊቅ ሴት፣ በሳሪያቸው ላይ ያንን ሹራብ ደርበው ዝናብ ባበሰበሰው ሜዳ ላይ እግር ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ሲጠብቁ በመስኮት እያየሁ አስተምሬያለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ለቀቁ። ኬክ አልተቆረጠም። እኔን ለማስተማር ያን ያህል የደከሙት ሴት፣ እኔ የማደርግላቸው አጥቼ፣ ቢጫውን ጨርቅ በብብታቸው ይዘው ወደ ፊንስበሪ ፓርክ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ቆሜ ሸኘኋቸው።

ረድኤት ደግሞ ክፍሏ ሃይማኖት በተማረ ቁጥር ቤተ መጻሕፍት ጥግ ለብቻዋ ትቀመጥ ነበር። ይህ ነው እስከ ዛሬ እንደ እሳት የሚለበልበኝ። ስለ ሰው ልጅ ክብር የተጻፈውን ሁሉ መስማት የሚገባት ልጅ ከክፍል ወጣች፤ የሰደባት ገጽ ግን ተከብሮ ተቀመጠ። ዕረፍት ሳገኝ ብርቱካን ይዤላት እሄዳለሁ። «እትዬ፣ የሚኒባሱ ኬዝ እንዴት ሆነ?» ትለኛለች። ገና ይግባኝ ላይ ነን እላታለሁ። ጡረታ እስከ ወጣሁበት ዓመት ድረስ ያ ገጽ ነበር፤ ፎቶዎቹን በተሻሉ ፎቶዎች ተክተዋቸዋል።

በፈረንጅ ብቻ ብናደድ ደግሞ ግፍ ይሆንብኛል። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው፣ ማን በደለ ብለው እንደጠየቁና ጌታም ምን እንደመለሰ በየዓመቱ ቆመን እንሰማለን። ከዚያ አዳራሽ ገብተን፣ ሳህናችንን ይዘን፣ ያንኑ ጥያቄ ስለ ጎረቤታችን ልጅ እንጠይቃለን። የሂንዱዎቹን መጽሐፍ ያበላሸውና የእኛን የሚያበላሸው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ወንጌል ቢሰጡትም ዱላ ያደርገዋል።

ሚስስ ጆሺ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ሞታቸው የተነገረኝ ዘግይቶ ስለነበር ለሽኝታቸው አልደረስኩም። አሁንም ጠዋት ስነሣ ባልደረባዬ እንዴት አደሩ የሚለኝ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ንዴቴን እንደያዝኩ፣ አዳራሹ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጫለሁ። ጥሩወርቅ ዛሬ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ወጥ የምታወጣው እሷ ናት። ረድኤት አድጋ ሥራ ይዛለች፤ ቤት ላጡ ሰዎች ቤት ከሚያድለው ካውንስል ጋር ትከራከርላቸዋለች። አንዲት አዲስ የመጣች ወጣት እናት በሩ ላይ ብቅ አለች። የምትገፋው ጋሪ ላይ ያለው ልጅ ዕድሜው ከጋሪ አልፏል፤ አንገቱ አይጸናም፣ ለሃጩ ይወርዳል። በሩ ላይ ደረጃ አለ፣ ጋሪው አልወጣላት ብሎ ትታገላለች።

እኔ የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «ምስኪን፣ ምን ሠርታ ይሆን?» አለች። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። ዞር ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት ጥሩወርቅ ቀደመችኝ። ጭልፋዋ በእጇ እንዳለ ከጠረጴዛው ራስ ቆማለች።

«የእሷን ተዉት» አለች። «እናንተ አሁን ምን እየሠራችሁ ነው?»

 ማንም ማንንም አላየም። ያቺው ምን ሠርታ ይሆን ያለችው ሴት ሳህኗን አስቀምጣ ተነሣች፤ ወደ በሩ ሄደችና ጎንበስ ብላ የጋሪውን የፊት እግር ያዘች። ሁለቱ ሴቶች ተጋግዘው ልጁን አስገቡት።

ጥሩወርቅ ወደ ድስቷ ልትመለስ ስትል አጠገቤ ስትደርስ ቆመች።

«እትዬ ዘውዴ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «የእኚያን ሴትዮ ብርቱካን ሳልቀበላቸው ቀረሁ።»